የሆስፒታል ሻንጣዬን ማዘጋጀት አቃተኝ

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። ነገሩ ለሰው ሲነገር ቀላል ይመስላል። የ34 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ለወሊድ ይዤ የምሄደውን ሻንጣ ማዘጋጀት አቅቶኛል።

ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር። ያኔ ሻንጣዬን ያዘጋጀሁት ገና በስድስተኛው ወር ነው። ልብሶቹን ራሴ አጥቤ፣ ራሴ ተኩሼ ከተትኳቸው። በ33ኛው ሳምንት እንቅስቃሴው ቀነሰብኝና ሆስፒታል ሄድን። የልቡ ምት ቆሟል ተባልን። ወንድ ልጅ ነበር። ወልጄው ያለ እሱ ተመለስኩ። ሻንጣውን ተሸክሞ ወደ ቤት የመለሰው ባለቤቴ ነው። ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ማናችንም አልከፈትነውም።

አሁን ሐኪሞቹ ሁሉም ነገር ደህና ነው ይሉኛል። ታላቅ እህቴ በየቀኑ እየደወለች ‹አዘጋጀሽ ወይ?› ትለኛለች። የዕቃ ዝርዝር ልካልኛለች፤ ስልኬ ላይ ወደ ታች ብስበው ብስበው አያልቅም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ባለቤቴ አዲስ ሻንጣ ገዝቶ መጣ። ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ። ‹ማን ግዛ አለህ?› ብዬ ጮህኩበት። እሱም ‹ልጁ የእኔም ነበር› አለኝና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሻንጣ አናወራም። ስለ ሌላውም ብዙ አናወራም።

ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ዕቃ ከያዝኩ ያው ነገር የሚደገም ይመስለኛል። በሌላ በኩል ‹ሳላዘጋጅ ምጥ ቢመጣስ?› እያልኩ ሌሊት እነቃለሁ። ባዶ እጄን ብሄድ ምን ይሆናል? የድሮውን ሻንጣስ ምን ላድርገው? ልብሶቹን ለዚህኛው ልጅ ባለብሳቸው ነውር ነው? እባክዎ ይምከሩኝ።

ሻንጣው የከበዳት»

ውድ እህቴ፣

ሌሊት ከሚያነቃሽ ጥያቄ ልጀምር። ባዶ እጅሽን ብትሄጂ ምን ይሆናል? ትወልጃለሽ። ምጥ ሥራ ቦታ ወይም መንገድ ላይ የያዛቸው ሴቶች በለበሱት ልብስ ገብተው ይወልዳሉ። ሕፃኑም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚፈልገው ጥቂት ነው። ሰውነቱ ይደርቅ፣ ይሙቀው፣ ደረትሽ ላይ ይተኛ፣ ይጥባ። ለዚህ ደረቅ ጨርቅ፣ ኮፍያና የአንቺ ገላ ይበቃል። የቀረውን ሰው ከኋላ ያመጣዋል።

ይህን ያስቀደምኩት ሻንጣውን ተይው ልልሽ አይደለም። አዘጋጂው ነው የምልሽ። ግን ‹ካላዘጋጀሁ ጉድ እሆናለሁ› በሚል ጭንቀት እንዲሆን አልፈልግም። አንዱ ፍርሃት በቂ ነው፤ ሁለተኛ አንጨምርበት።

‹ሞኝነት› ያልሽው ላይ አልስማማም። ያኔ አዘጋጀሽ፣ ከዚያ ልጅሽን አጣሽ። አእምሮሽ ሁለቱን አንድ ላይ አሰራቸው። የታጠፈ ልብስ የማንንም ልብ እንደማያቆም አንቺም ታውቂያለሽ። በማህፀን ውስጥ ሕይወቱ ላለፈ ልጅ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ መርምረውም ምክንያቱን አያገኙትም። ምክንያት ሲጠፋ ደግሞ ሰው ቢያንስ የሚያሳብበት ነገር ይፈልጋል። አንቺ ዘንድ ያ ነገር ሻንጣው ሆነ። እኔ ይህን ጽፌልሽ ፍርሃቱ ዛሬ ይለቅሻል ብዬ አላስብም። ስለዚህ እሱን ለማሳመን ከመድከም፣ እሱ እያለም ሊሠራ የሚችለውን እንሥራ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስትፈሪ በዓይንሽ የሚመጣው የትኛው ዕቃ ነው? የአንቺ የሌሊት ልብስ ነው? ወይስ የሕፃኑ ካልሲ? ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው የገባኝ፣ የከበደሽ የሕፃኑ ልብስ ነው። አጥበሽ፣ ተኩሰሽ የከተትሽው እሱን ነውና። እንደዚያ ከሆነ ሥራውን ለሁለት እንክፈለው። የአንቺን አንቺ ታዘጋጂያለሽ። የሕፃኑን ሌላ ሰው ያዘጋጃል። አንቺ ማየትም፣ መንካትም የለብሽም። ይህ አንቺን መጥፎ እናት አያደርግሽም። ልጅ ካጡ በኋላ ዳግም ያረገዙ ብዙ እናቶች ልጁን በእጃቸው እስኪታቀፉ ድረስ አንድም ልብስ አይገዙም።

የሕፃኑን ዕቃ ለማን እንስጥ? እዚህ ላይ እህትሽ ትዝ አለችኝ። በየቀኑ የምትደውለው ልታስጨንቅሽ አይመስለኝም። መርዳት ፈልጋ መንገዱ የጠፋት ሰው ነው የምትመስለው። መንገዱን አሳያት። እንዲህ በያት፦ «ዝርዝሩን መላክሽን ተይውና የሕፃኑን ዕቃ አንቺ ራስሽ አዘጋጂልኝ። እኔ አሁን ማየት አልችልም። ቤትሽ ይቀመጥ። ስንደውልልሽ ይዘሽ ትመጫለሽ። እስከዚያ ስለ እሱ አትጠይቂኝ።» መናገር ከከበደሽ በመልእክት ላኪላት። ትንሽ ልትከፋ ትችል ይሆናል። ግን ሥራ የተሰጠው ሰው ስልክ መደወል ይቀንሳል።

የእህትሽን ዝርዝር ባላየውም መገመት እችላለሁ። እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች ውስጥ ሻማም፣ የፎቶ ልብስም አይጠፋም። በምጥ መሃል ሻማ ያማራት ሴት እስካሁን አላጋጠመችኝም። ስለዚህ ለእህትሽ የሚሆነውን ባጭሩ ልጻፍላት፤ ይህን አንቀጽ ዝለዪውና ለእሷ ብቻ ላኪላት። ከፊት የሚከፈት ለስላሳ ልብስ አራት ወይም አምስት፣ ሁለት ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ሦስት መጠቅለያ ጨርቅ ወይም ስስ ብርድ ልብስ፣ ትንንሽ ፎጣ። አዲስ ልብስ ሁሉ አንዴ ይታጠብ። ልኩ ሁሉም ከአንድ ዓይነት ባይሆን ጥሩ ነው፤ አንዳንድ ሕፃን ገና ሲወለድ ትንሹ ልክ ይጠበዋል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት 20 ዳይፐር ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን ሕፃኑ አንድ ሁለቴ ብቻ ሊሸና ይችላል። ካካው ግን ጥቁርና የሚያጣብቅ ስለሆነ ጥጥና ለብ ያለ ውሃ ይሻለዋል። ፓውደር አያስፈልግም፤ ብናኙ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ሽቶ ያለው ሎሽንም ይቅር። የመታጠቢያ ዕቃም ይቅር፤ የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ገላ መታጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራል። ጡጦና የዱቄት ወተት ሐኪም ካላዘዘ አይያዝ። የመጀመሪያው ወተት፣ እንገሩ፣ መጠኑ ትንሽ ነው፤ የሕፃኑም ሆድ ትንሽ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ከሁሉ በፊት ወረቀት። ልብስ ሳይሆን ወረቀት። የክትትል ካርድሽ፣ መታወቂያሽ፣ የደም ዓይነትሽ ያለበት ውጤት፣ የአልትራሳውንድ ወረቀቶች፣ የምትወስጃቸው መድኃኒቶች ስም፣ የጤና መድን ካለሽ ካርዱ። የደም ዓይነትሽ ኔጌቲቭ ከሆነ ይህን በደንብ አስታውሺ። ሕፃኑ ፖዘቲቭ ከሆነ አንቺ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ አንቲ-ዲ የሚባል መርፌ መወጋት ይኖርብሻል። ሁሉንም አንድ ፕላስቲክ አቃፊ ውስጥ አድርጊ። ከዛሬ ጀምሮ ከቤት ስትወጪ ይዘሽው ብትወጪ ደስ ይለኛል። ወረቀት ስለሆነ እንደ ካልሲ ልብ አይነካም።

በአቃፊው ፊት ላይ ደግሞ አንድ ገጽ ጨምሪ። ይህ ለአንቺ ከሌላ እናት በላይ ይጠቅማል። ሆስፒታል ውስጥ ሠራተኛ በፈረቃ ይቀያየራል። የገባች ነርስ ሁሉ «የመጀመሪያሽ ነው?» ትላለች። ክፋት አይደለም፤ የተለመደ ጥያቄ ነው። አንቺ ግን ምጥ እየመጣብሽ ታሪኩን ከመጀመሪያው መናገር የለብሽም። ስለዚህ ባለቤትሽ ወይም አንቺ እንዲህ ጻፉ፦ «ይህ ሁለተኛ እርግዝናዬ ነው። የመጀመሪያ ልጃችንን በ33ኛው ሳምንት አጥተናል። እባካችሁ የልብ ምቱን ስትከታተሉ የምታዩትን ወዲያው ንገሩኝ። ዝም ስትሉ በጣም እፈራለሁ።» የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እንደ ስሜትሽ ቀይሪያቸው። የመጀመሪያውን ልጅ በስሙ የምትጠሩት ከሆነ ስሙም ይጻፍ። ጥሩ አዋላጅ ነርስ ይህን ገጽ ካነበበች በኋላ አነጋገሯ ይለወጣል።

ልብስን በተመለከተ፣ ሊቆሽሽ ስለሚችል የምትሳሺለትን አትያዢ። ጠቆር ያለ፣ ሰፊ፣ ከፊት የሚከፈት የሌሊት ልብስ ሁለት። ከፊት መከፈቱ ልጁን ደረትሽ ላይ ለማድረግና ለማጥባት ነው። ከላይ የሚደረብ አንድ ነገር፣ ምክንያቱም ከወለዱ በኋላ ብዙ ሴቶችን ብርድ ብርድ ይላቸዋል፤ አንዳንዶቹም ይንቀጠቀጣሉ። ድንገት ቢያጋጥምሽ አትደንግጪ፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይቆማል። ካልሲና የማያንሸራትት ነጠላ ጫማ። ከሆስፒታል ስትወጪ የምትለብሺው ደግሞ ከማርገዝሽ በፊት ይበቃሽ የነበረው አይሁን። ሆድ በአንድ ቀን አይመለስም። አምስተኛና ስድስተኛ ወር ላይ የለበስሽው ነው የሚሆንሽ።

ሞዴስ በብዛትና ወፍራሙን ያዢ። ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም ከወር አበባ ይበዛል። ቀስ በቀስ እየቀነሰ፣ ቀለሙም እየደበዘዘ እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ወደ ውስጥ የሚገባውን ዓይነት አትጠቀሚ፤ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። አንድ ወፍራም ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከራሰ ወይም ትልቅ የረጋ ደም ከወጣ ‹ይህ የተለመደ ይሆን?› ብለሽ አትጠብቂ። ወዲያው ተጣሪ። ፓንትሽ ትልቅ፣ የጥጥና እስከ እምብርት የሚደርስ ይሁን። በኦፕራሲዮን ብትወልጂ ላስቲኩ ቁስሉ ላይ አያርፍብሽም። ደግሞ ማንም የማይነግርሽ አንድ ነገር አለ። በምጥ ከወለድሽ በኋላ መጀመሪያ ስትሸኚ ያቃጥላል፣ በተለይ ስፌት ካለ። ባዶ የፕላስቲክ ውሃ መያዣ ያዢ። ለብ ያለ ውሃ ሞልተሽ እያፈሰስሽ ሽኚ። ከሻንጣሽ ውስጥ ከሁሉም በላይ የምታመሰግኚው ይህን ሊሆን ይችላል።

ለማጥባት የሚመች ጡት መያዣ ሁለት። አሁን ካለሽ ልክ ትንሽ ሰፋ ይበል። ወተቱ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ቀን አካባቢ ሲሞላ ጡት ይወጠራል። የከንፈር ቅባት፤ በምጥ ጊዜ በአፍ ሲተነፈስ ከንፈር ይደርቃል። የፀጉር ማስያዣ፣ ጥርስ መፋቂያ፣ ሳሙና፣ ጠቆር ያለ ፎጣ። መነጽር ካለሽ መነጽሩ። ገመዱ ረዘም ያለ ቻርጀር። ጌጥ ቤት ይቅር፤ ቀለበት ጣት ሲያብጥ አይወጣም። የጥፍር ቀለምም አስለቅቂ፤ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ በትክክል እንዳያነብ ሊያደርገው ይችላል። ይኸው ነው። ግማሽ ሻንጣ አይሞላም።

ስለ ጊዜው። ልጅ ጊዜው ደረሰ የሚባለው ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ ነው። አንዳንዱ ከዚያ በፊት ይመጣል። የአንቺ ሻንጣ 36ኛው ሳምንት ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነው። ሁለት ሳምንት አለሽ ማለት ነው። ግን አንድ ነገር ይህን ሊቀይረው ይችላል። ከዚህ በፊት ልጅ ያጣች እናት ስትሆን ሐኪሞች አንዳንድ ጊዜ ቀኑን ጠብቀው አይቆዩም፤ ምጡን በመድኃኒት ቀደም ብለው ያስጀምራሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ «ቀን አስባችሁልኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። በመድኃኒት የሚጀመር ምጥ አንዳንዴ ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል። ስለዚህ የሚነበብ ወይም የሚሰማ ነገር፣ አንድ ተጨማሪ ቅያሪም ያስፈልግሻል። በምጥ ከወለድሽና ሁሉም ደህና ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 24 ሰዓት እንድትቆዪ ይመክራል። በኦፕራሲዮን ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ቀን ነው። ቀኑ መታወቁ ለአንቺ ሌላም ጥቅም ይኖረው ይሆናል። መጨረሻው የት እንደሆነ ሲታወቅ መጠበቁ ይቀላል።

የምትወልጂው ያኔ የነበርሽበት ሆስፒታል ነው? ይህን አልጻፍሽልኝም። ከሆነ፣ ምጥ ይዞሽ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ በር እንድትገቢ አልፈልግም። አንድ ተራ ቀን ከባለቤትሽ ጋር ሂጂ። ኮሪደሩን እዪው። ብታለቅሺም እዚያው አልቅሺው። ስትጨርሺ ደግሞ ተግባራዊ ጥያቄዎች ጠይቂ፦ ከእኔ ጋር ማን መግባት ይችላል? ሻንጣው ምጥ ላይ ሳለሁ የት ይቀመጣል? የሆስፒታሉ ልብስ ነው የሚለበሰው ወይስ የራሴ? መብላትና መጠጣት ይፈቀዳል? ሌሊት በየትኛው በር ነው የሚገባው? የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዷ እናት የመረጠችው ሰው በምጥ ጊዜ አብሯት እንዲሆን ይመክራል። ሁሉም ቦታ ግን አሠራሩ አንድ አይደለም። አስቀድሞ ማወቅ በር ላይ ከመከራከር ያድናል። ሆስፒታሉ ሌላ ከሆነ ደግሞ ደህና፤ ጥያቄዎቹ ግን ያው ናቸው።

ባለቤትሽን በተመለከተ ረዘም ያለ ነገር ልበል። ‹ልጁ የእኔም ነበር› ሲል ሊጎዳሽ የፈለገ አልመሰለኝም። ያን ቀን ሻንጣውን ተሸክሞ የተመለሰው እሱ ነው ብለሻል። አንቺ ታምመሽ፣ ደክመሽ ነበር። ወረቀቱን የፈረመው፣ ዕቃውን የሰበሰበው፣ ለዘመድ የደወለው ምናልባት እሱ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ብዙ ሰው እናቲቱን ነው የሚያጽናናው። አባትየውን ‹አይዞህ፣ እሷን ጠብቃት› ይሉታል። የእሱን ሐዘን የጠየቀው ሰው ነበር? አንቺስ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? እሱስ አንቺን? አላውቅምና ነው የምጠይቅሽ።

ደግሞ ይህን አስቢ። ቤት ውስጥ ሻንጣ እያለ ለምን አዲስ ገዛ? የድሮውን የረሳው አይመስለኝም። ምናልባት ያን ሻንጣ ዳግም መሸከም አልቻለም። ምናልባት ይህኛው ልጅ የራሱ ነገር ይኑረው ብሎ ይሆናል። አንቺ ‹ረሳው› ብለሽ ያየሽው ነገር፣ በእሱ በኩል ‹አልቻልኩም› ሊሆን ይችላል። ጠይቂው። እንዴት እንደምትጀምሪ ካልገባሽ ይህን መሞከር ትችያለሽ፦ «አዲሱን ሻንጣ ሳየው የድሮው ትዝ አለኝ። አንተ ላይ መጮህ አልነበረብኝም። ያን ቀን ሻንጣውን ይዘህ ስትመለስ ምን እንደተሰማህ ጠይቄህ አላውቅም።» ከዚያ ዝም በዪ። መልሱ ቶሎ ባይመጣም ጠብቂው። እሱም አንቺ ፊት መሰበር የሌለበት መስሎት ከርሞ ይሆናል። ሰው ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከሚያወራ ጎን ለጎን እየሄደ ወይም እየሠራ ሲያወራ ይቀለዋል። የአንቺን ዕቃ አዲሱ ሻንጣ ውስጥ አብራችሁ ብትከቱት ምን ይመስልሻል? አንቺ ታቀብዪዋለሽ፣ እሱ ይከታል። ካልቻላችሁ መሃል ላይ አቁሙት። በሌላ ቀን ይቀጥላል።

ሻንጣው ካለቀ በኋላም በር አጠገብ ሲቀመጥ በየቀኑ ማየቱ ከከበደሽ፣ በማታዪው ቦታ ይሁን። ከሌላ ክፍል አልጋ ሥር ወይም፣ መኪና ካላችሁ፣ መኪናው ውስጥ። የት እንዳለ እሱ ማወቁ ይበቃል።

ስለ ድሮው ሻንጣ ጠይቀሽኛል። እውነቱን ልንገርሽ፤ ከመውለድሽ በፊት ስለ እሱ መወሰን ያለብሽ አይመስለኝም። እዚያ መቀመጡ ከረበሸሽ እህትሽ ወስዳ ታቆየው። ሳትከፍተው። ‹ትጣለው› አላልኩሽም፤ የተጣለ ነገር አይመለስም፤ አንቺ ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ ያን ትንሽ ኮፍያ ልትፈልጊው ትችያለሽ። እዚያ መኖሩ የሚያጽናናሽ ከሆነ ደግሞ ይቀመጥ። አንዳንድ እናቶች ያጡት ልጅ እዚህ ቤት ውስጥ ቦታ እንዳለው የሚያስታውሳቸው ነገር ይፈልጋሉ። አንቺ የትኛዋ ነሽ? ዛሬ ካላወቅሽው ችግር የለውም።

ልብሱን ለዚህኛው ማልበስ ነውር ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። የወንድሙን ልብስ የለበሰ ልጅ ስንት አለ። ግን ነውር አለመሆኑ ልታለብሺው ይገባል ማለትም አይደለም። ለሁለት ከፍለው የሚያዩትም አሉ፤ አንዱን ልብስ ለመታሰቢያ ያስቀራሉ፣ የቀረውን ያለብሳሉ። የሆነው ሆኖ በወሊድ ቀን ድንገት ያን ልብስ ማየት የለብሽም። እህትሽ የምታዘጋጀው ሁሉ ሌላ እንዲሆን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያት።

ልጁ ተወልዶ ደረትሽ ላይ ሲደረግ ምን እንደሚሰማሽ እኔ ልነግርሽ አልችልም። ደስታ ብቻ ካልሆነ ግን አትገረሚ። አንዳንዷ እናት ሁለተኛውን አቅፋ ለመጀመሪያው ታለቅሳለች። አንዳንዷ ለቀናት ምንም አይሰማትም፤ ያመነች አይመስላትም። ሁለቱም ያጋጥማል። ሐዘኑ ወይም ፍርሃቱ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ከነሳሽ፣ ወይም ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ፣ በዚያው ቀን ለጤና ባለሙያ ንገሪ። አሁንም ቢሆን ሌሊት እየነቃሽ ነውና ይህን ለምትከታተልሽ አዋላጅ ነርስ መንገር ጥሩ ነው። «ልጁ ደህና ነው» የሚለው መልስ ለልጁ ነው። ለአንቺም መጠየቅ አለበት።

የምጡን ነገር ባጭሩ። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ምጡ በየ5 ደቂቃው እየመጣ፣ እያንዳንዱ 1 ደቂቃ ያህል እየቆየ፣ ይህም ለ1 ሰዓት ሲቀጥል ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ለአንቺ ግን ቀደም ብለሽ እንድትሄጂ ሊፈልጉ ይችላሉ። መቼ መምጣት እንዳለብሽ ጠይቀሽ አቃፊው ላይ ጻፊው። ሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ደም ከታየ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለ፣ ትኩሳት ከተነሳ ምጥ ሳትጠብቂ ሂጂ።

እንቅስቃሴው የቀነሰ ከመሰለሽም እንዲሁ። ይህን በተለይ ለአንቺ ነው የምጽፈው። ‹ፈሪ ሆኜ ይሆናል›፣ ‹ባለፈው ሳምንት ሄጄ ደህና ነው ብለውኝ ነበር›፣ ‹እስኪነጋ ልጠብቅ› አትበዪ። አስር ጊዜ ሄደሽ አስር ጊዜ ደህና ነው ቢሉሽ ማንም ሊቆጣሽ አይገባም። ያን ሰዓት ሻንጣ የሚባል ነገር አይታሰብ፤ አቃፊውን ይዛችሁ ውጡ። ለእህትሽ ባለቤትሽ ከመንገድ ይደውልላታል።